ከሩቅ የሚነበብ የዝናብ መለኪያ ጠባቂና ሰሚ የሚያሻው ስለ መሆኑ

በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ ሲባል ዛሬ ለብዙ ሰው አስቀድሞ የሚታሰበው ፍርድ ቤቱና በአጠገቡ የሚያልፈው የከተማ ባቡር ነው። የልደታ ሜዳ ግን ቀድሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር በአዲስ አበባ ያለው ማረፊያ ይኸው ሜዳ ነበረ፤ የቦሌ ማረፊያ እስኪሠራ ድረስም አገልግሏል፤ ስሙም «አሮጌ ኤርፖርት» እየተባለ በሰፈሩ ላይ ቀርቷል። አውሮፕላን ነፋሱንና ደመናውን ሳያውቅ ሊነሣ ስለማይገባው፣ በኢትዮጵያ የአየርን ጠባይ በሰዓቱ እየለኩ መመዝገብ በሥርዓት የተደራጀው በሲቪል አቪዬሽን ሥር፣ ለበራሪዎች ደኅንነት ሲባል ነው። የሚቲዎሮሎጂ ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሰማዩ በመጀመሪያ በደንብ የተለካው ለሚበርረው እንጂ ለሚያርሰው አልነበረም።

የሚያርሰው ሰው መለኪያው የዘመን አቈጣጠሩ ነበረ። በግንቦት ልደታ ሰማዩን ያያል፤ በሰኔ ሚካኤል መሬቱን ይመረምራል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ወስነው አስተምረውታል። ይህ ዕውቀት የተናቀ አይደለም፤ ብዙ ትውልድ እህል የበላበት ነው። ነገር ግን የዘመን አቈጣጠር ዝናብ መቼ ሊመጣ እንደሚገባው ይናገራል እንጂ በዚህ ሳምንት በላስታ ዘንቦ በራያ እንደ ቀረ አይናገርም። ይህን ለማወቅ በየስፍራው የቆመ መለኪያና ከየስፍራው ፈጥኖ የሚደርስ ወሬ ያስፈልጋል። ስለዚህም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያለ ሰው ጕልበት ለክቶ ያለ መልእክተኛ የሚልክ መሣሪያ በየአውራጃው መተከል ጀምሯል። ስለ ጥቅሙና ስለ ጕድለቱ የወረዳ ሹማምንት፣ አስተዳዳሪዎችና ባለ ሰፊ እርሻዎች አውቀው ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ምሥጢር የለበትም። በዝናብ መለኪያው አፍ የገባው ውኃ በጠባብ ቀዳዳ ወርዶ፣ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ በሚያጋድሉ ሁለት ትንንሽ ጽዋዎች ላይ ይንጠባጠባል፤ አንዱ ሲሞላ ያዘነብላል፤ ሌላው ይተካዋል፤ እያንዳንዱ ማዘንበልም ይቈጠራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ፣ በአንድ ሄክታር ላይም 10,000 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ከዝናቡ ጋራ ሙቀትን፣ ነፋስን፣ የአየርን እርጥበት የሚለኩ ሌሎች መሣሪያዎች በአንድ ምሰሶ ላይ ይሰቀላሉ፤ የአፈሩን ርጥበት የሚለካውም በመሬት ውስጥ ይቀበራል፤ የወንዙን ከፍታ የሚለካው በድልድይ ላይ ይታሰራል። ኃይሉን ከፀሐይ በሚቀበል ሰሌዳና በባትሪ ያገኛል፤ ቃሉን የሚልከው ደግሞ እንደ ማንኛውም ስልክ በሲም ካርድ ነው። ቍጥሩ በስልክ ማማ በኩል አልፎ ሩቅ ወዳለ ትልቅ የኮምፒዩተር መዝገብ ቤት ይገባል። ይህን መዝገብ ቤት፣ ባለቤቱ ቤቱን በዓይኑ ሳያየው ከየትም ሆኖ በኢንተርኔት ስለሚከፍተው፣ ፈረንጆች «ክላውድ»፣ ማለት «ደመና» ብለው ሰይመውታል። እንግዲህ ደመናን የሚለካው መሣሪያ ቃሉን የሚያኖረው በሌላ ደመና ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጥቅሙን ለማወቅ ከቀድሞው ሥርዓት ጋራ ማመዛዘን ይበቃል። በቀድሞው ሥርዓት የዝናብ ተመልካቹ ጧት በ3 ሰዓት ወጥቶ ውኃውን በመስፈሪያ ይለካል፤ በቅጹ ላይ ይጽፋል፤ ወሩ ሲያልቅም ቅጹን ይልካል። ከሩቅ ወረዳ የተላከው ቅጽ ተደምሮና ተመርምሮ እስኪያልቅ ድረስ፣ በሰኔ የቀረው ዝናብ በአዲስ አበባ የሚታወቀው ገበሬው ዘሩን በትኖ ካጣው በኋላ ነው። አዲሱ መሣሪያ ግን በሰዓቱ ይልካል። የጥንት ሰዎችም የዚህን ነገር ዋጋ ያውቁ ነበር። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ሳለ ብላቴናውን ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ሰባት ጊዜ ላከው፤ በሰባተኛው የሰው መዳፍ የምታህል ትንሽ ደመና ታየች፤ ነቢዩም ዝናቡ ሳይመጣ ለንጉሡ እንዲነገረው አደረገ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚመለከት ዓይን፣ የሚመላለስ መልእክተኛና ሰምቶ ሠረገላውን የሚጭን ንጉሥ ሦስቱም አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል የቀሩት ሁለቱ ባልጠቀሙም ነበር።

በግብጽም አገር በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ ያለው የዓባይ መለኪያ የተሠራው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ861 ዓመት ነው። በዚያ ምሰሶ ላይ የውኃው ከፍታ በየክንዱ ይነበብ ነበረ፤ የዓመቱም ግብር በዚያ ንባብ ይወሰን ነበረ። በዓባይ ወንዝ ግብጽ ከሚደርሰው ውኃ ከመቶው ሰማንያ አምስቱ ያህል የሚወርደው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነውና፣ የጎጃምና የወሎ ዝናብ በራሱ አገር ሳይለካ ከሺህ ዓመት በላይ በሰው አገር ተለክቶ የመንግሥት ውሳኔ ሲሰጥበት ኖሯል። ይህ ነገር ለሚያስብ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። የካይሮ ሹም መለኪያውን ያከበረው ምሰሶው የሚያምር ስለ ሆነ አይደለም፤ ቍጥሩ በተነበበ ጊዜ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ስለ ተወሰነ ነው።

በዛሬው ጊዜ ግን ስለ አዲሱ መሣሪያ የሚነገረው ነገር ሁሉ ስለ መካከለኛው፣ ማለት ስለ መልእክተኛው ብቻ ነው። ፍጥነቱ ይመሰገናል፤ ሥዕሉና ሠንጠረዡ በስብሰባ ላይ ይታያል። በወዲህ ጫፍ መሣሪያውን የሚጠብቀው፣ በወዲያ ጫፍ ቃሉን ሰምቶ የሚሠራው ሰው ግን ስሙ እንኳ አይጠራም። ይህ ካልታረመ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለ ጠባቂው አስቀድሞ ይነገር። የዝናብ መለኪያው አፍ ክፍት ስለ ሆነ ቅጠል ይገባበታል፤ ሸረሪት ድር ያደራበታል፤ ወፍ ይቀመጥበታል፤ የበጋ ነፋስ ትቢያ ይሞላበታል። ቀዳዳው ሲታፈን ዝናብ እየዘነበ መሣሪያው «ዝናብ የለም» ብሎ ይልካል። የታፈነ መለኪያና የደረቀ ሰማይ የሚልኩት ቍጥር አንድ ነው፤ ሁለቱም ባዶ ይላሉ። በአዲስ አበባ ተቀምጦ መዝገቡን የሚከፍተው ባለሙያ ጎረቤት መለኪያዎችንና የሳተላይት ሥዕል እያመዛዘነ ሊጠራጠር ይችላል፤ እርግጡን የሚያውቀው ግን በአጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው። ደግሞም መለኪያው በዛፍ ወይም በቤት ጥግ ከቆመ ነፋስና ጥላ ያሳስተዋል፤ ስለዚህ በአጠገቡ ካለው ዛፍ ወይም ቤት ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ ይገባዋል። ሲተከል ሜዳ የነበረው ስፍራ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባሕር ዛፍ ቢበቅልበት መለኪያው ያው ነው፤ ቃሉ ግን ያው አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች «መሣሪያው ራሱ የሚናገር ከሆነ ተመልካቹ ለምን ደመወዝ ይበላል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ቍጠባ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ጥፋት ነው። መሣሪያው ባትሪው ሲደክም፣ የስልክ መስመሩ ሲቋረጥ ወይም የሲም ካርዱ ሒሳብ ሳይከፈል ሲቀር ዝም ይላል፤ ተመልካቹ ግን መስመር ቢቋረጥም በደብተሩ ይጽፋል። ከዚህም በላይ የአንድ ስፍራ ዝናብ በዛ ወይም አነሰ የሚባለው ካለፉት ብዙ ዓመታት ጋራ ሲነጻጸር ስለ ሆነ፣ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት በእጅ የተጻፈው ደብተር ከአዲሱ ቍጥር ጋራ የሚያያዘው ሁለቱ አብረው ለጥቂት ዓመታት ሲለኩ ነው። የቀድሞው ተቋርጦ አዲሱ ብቻውን ቢጀምር፣ የታየው ልዩነት የሰማዩ ይሁን የመሣሪያው የሚለይ አይኖርም። ስለዚህ ተመልካቹ ሊሰናበት አይገባውም፤ ይልቁንም የአዲሱ መሣሪያ ጠባቂና መርማሪ ሆኖ ክብሩና ደመወዙ ሊጨመርለት ይገባል።

የልደታ ፍርድ ቤት ምስክርን ሳይመረምር አይፈርድም። የዝናብ መለኪያም ዛሬ ምስክር ሆኗል። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ በአዲ ሓ የሚኖሩ 200 ያህል አባወራዎች ለጤፋቸው የዝናብ መድን ገቡ፤ በዚህ መድን ካሳ የሚከፈለው የገበሬው ማሳ ታይቶ ሳይሆን ከሩቅ የተለካው የዝናብ ቍጥር ከተወሰነው በታች ሲሆን ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቦረና ለከብት የሚሆን መድን ተጀመረ፤ በዚያም ምስክሩ ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሚያየው የግጦሹ ልምላሜ ነው። ገማች በየማሳው መላክ ለድኻ አገር የማይቻል ወጪ ስለ ሆነ አሳቡ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ቍጥሩ «ዘንቧል» ካለ በማሳው ያልዘነበለት ገበሬ ምንም አይከፈለውም። በአዲ ሓ ሥራው ሲጀመር ገበሬዎቹ ራሳቸው የትኛው ወር ዝናብ ሲቀር ጤፉ እንደሚጠፋ እንዲናገሩ መደረጉ ለዚህ ነው። ከሩቅ የመጣ ምስክር በአገሩ ሰው ቃል ካልተመረመረ ፍርዱ ይጣመማል፤ የተጣመመውም ፍርድ የሚወርደው በድኻው ጐተራ ላይ ነው።

አሁን ስለ ሰሚው ይነገር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኀብ የዝናቡ መቅረት በየመንደሩ የታወቀ ነገር ነበረ። ወሬው ግን ወደ ላይ በወጣ ቍጥር እየቀጠነ ሄደ፤ ዓለም ያወቀውም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑም በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች የሚመጣውን ረኀብ አስቀድሞ ተናገረ፤ እህሉ በብዛት መንቀሳቀስ የጀመረው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ወሬው ታፈነ፤ በሁለተኛው ጊዜ ወሬው ደረሰ፤ ሰሚው ግን ዘገየ። ለሞተው ሰው የሁለቱ ልዩነት ምንድር ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ በሚባለው የባሕር ሙቀት ምክንያት ዝናቡ በሰፊ አገር ሲቀር፣ እርዳታ የሚያሻው ሰው ቍጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ነገር ግን እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልሆነም። በዚህን ጊዜ ወሬው ቀድሞ ታወቀ፤ ከዚያም በላይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው ሴፍቲ ኔት የሚባለው ሥርዓት ማን እንደሚረዳና በምን መንገድ እንደሚረዳ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። የዳነውን ሰው ያዳነው ቍጥሩ ብቻ አይደለም፤ ለቍጥሩ የተዘጋጀው መልስ ነው።

ስለ ስንዴ ዋግ የተሠራውም ሥራ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. መኸር የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ በተዘራው ዲጋሉ በሚባለው የስንዴ ዘር ላይ ወርዶ ብዙ ማሳ አጠፋ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሲሚት፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋራ ሆኖ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቷል። የግብርና ባለሙያዎች በማሳ ያዩትን በስልካቸው ይልካሉ፤ የነፋሱና የርጥበቱ ሁኔታ ይታሰባል፤ የዋጉ ብናኝ ወደ ወዴት እንደሚነፍስ ይገመታል፤ ምክሩም ተመልሶ ወደ ክልልና ወደ ወረዳ ይወርዳል። ዋግ ከመታየቱ ጋራ ወዲያው የተረጨ መድኃኒት ያድናል፤ ማሳው ከቀላ በኋላ የተረጨው ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የገበሬዎች የስልክ መስመር 8028ም ለገበሬው በቋንቋው የሚናገርና ያለ ክፍያ የሚደመጥ ስለ ሆነ፣ ቃል ከላይ ወደ ታች እንዲመለስ መንገድ ከፍቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል፤ እርሱም መዝገቡ የማን ነው የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ የከተማዪቱን አየር ጭስና ብናኝ እየለካ ለዓመታት በኢንተርኔት ለሁሉ ያሳይ ነበር፤ ሐኪሞችና ተማሪዎችም ይጠቀሙበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን ይህን ዓይነት መረጃ ለሕዝብ ማሳየት አቆመ። የራሱን ንብረት ስላቆመ ሊወቀስ አይቻልም፤ ነገር ግን የሌላ ሰው መብራት ሲጠፋ ጨለማው የሚቀረው ለማን እንደ ሆነ ታየ። የዝናብ መለኪያም በእርዳታ ሲመጣ መዝገቡ በባዕድ አገር ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ተቀምጦ፣ የእርዳታው ዘመን ሲያልቅ ክፍያው ተቋርጦ እንዳይዘጋ፣ ሲተከል ውል ሊገባበት ያስፈልጋል። መለኪያው የቆመበት ወረዳ የራሱን ዝናብ ለማየት የሌላውን ፈቃድ የሚለምን ከሆነ፣ ነገሩ የገዛ ጐተራን ቍልፍ ለጎረቤት ሰጥቶ እንደ መቀመጥ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ በወረዳው የተተከለለት ሹም አራት ነገር ማድረግ ይገባዋል። መጀመሪያ፣ ለመሣሪያው በስሙ የታወቀ፣ አበል የተቈረጠለት ጠባቂ ይሹም፤ ጠባቂውም በየሳምንቱ አፉን ይጥረግ፤ በእጅ የሚለካውንም መስፈሪያ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ስፍራውን ያሳጥር፤ በዙሪያው ዛፍ እንዳይተከል፣ ቤት እንዳይሠራ ይከልክል። ባለ ሰፊ እርሻዎችም ለዚህ የምትበቃ ጥቂት መሬት ከእርሻቸው ቢሰጡ የሚያጡት እፍኝ እህል ነው፤ የሚያገኙት ግን የራሳቸውን ዝናብ ማወቅ ነው። ሦስተኛ፣ የሲም ካርዱንና የባትሪውን ወጪ በዓመቱ በጀት ያግባ፤ የመዝገቡንም ግልባጭ በየወሩ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስቀምጥ። አራተኛና ዋናው፣ ቍጥሩን ለሕዝብ ይመልስ፤ በገበያ ቀን በሰሌዳ ይጻፍ፤ በእድርና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስጊድም ደጅ ይነገር።

ከዚህ ጋራ ሹሙ ከባለሙያዎቹና ከገበሬዎቹ ሽማግሎች ጋራ ተቀምጦ አስቀድሞ ሊጽፈው የሚገባ አንድ ወረቀት አለ። እስከ ሰኔ መጨረሻ የዘነበው ከዚህ በታች ቢሆን ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ከየት ይመጣል? የወንዙ ከፍታ ከዚህ በላይ ቢሆን በዳር ያሉትን ሰዎች ማን ያስነሣል? ከብቱ ወደየት ይነዳል? ማንስ ያዝዛል? ይህ ወረቀት በሌለበት ወረዳ መሣሪያው በየሰዓቱ ቢናገር ለቀባሪው አረዱት ከመባል አያልፍም፤ ዝናብ መቅረቱን ከሹሙ ይልቅ ገበሬው ቀድሞ ያውቀዋልና። ገበሬው ከሹሙ የሚጠብቀው ያየውን እንዲነግረው አይደለም፤ ያላየውን እንዲያዘጋጅለት ነው።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ዓመት የእህል እርዳታ ጋራ ቢመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። ጊዜውም አይጠበቅም፤ በበልግ አገር የካቲት ሳይገባ፣ በመኸርም አገር ከግንቦት ልደታ በፊት፣ እያንዳንዱ ሹም በወረዳው ያለውን መለኪያ ራሱ ሄዶ ይመልከት፤ አፉ የተጠረገ፣ ጠባቂው የተሾመ፣ ወረቀቱም የተጻፈ መሆኑን ይመርምር። ይህን ያደረገ ሹም ከሩቅ የሚመጣውን ቍጥር የማመን መብት አለው፤ ሕዝቡም እርሱን ያምነዋል።